ጉበት እያላት «ግሉታ» የምትፈልግ ሙሽራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ፋርማሲ እሠራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ አንዲት ልጅ ገብታ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ ይቺ ግሉታ አለች?» ፊት ታነጣለች የምትባለው መርፌ ናት። ሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የለም አልኳት። «አቦ፣ ደብቀህ ነው!» (ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው።) «እሺ ፓራ ስጠኝ፣ ራሴን እየፈለጠኝ ነው።»

ጠዋት ሁለት ፍሬ ፓራ ውጣለች። ረፋድ ላይ ሁለት ደግማለች። ቬሎው እንዲገባት ብላ ምግብ ከቀነሰች ሰንብታለች። ብዕር ያስነሳኝ ይኼ ነው።

«ግሉታ» የምትላት ግሉታታይን ናት። ግሉታታይንን ሴሎቻችን ራሳቸው ከሦስት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ጡቦች በሏቸው) ይሠሩታል። በብዛት ያለው ጉበት ውስጥ ነው። ሴል ምግብን በኦክስጅን ሲያቃጥል እንደ ከሰል ፍንጣሪ ይወጣዋል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አንዱ ነው። ግሉታታይን ይህን ወደ ውኃ ይለውጠዋል። የቤት መወልወያ ጨርቅ በሉት። ወልውሎ ይቆሽሻል፤ ኤንዛይም አጥቦ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ይወለውላል።

ፓራሲታሞልስ? ጉበት ሲፈጨው ጥቂቱ መርዝ ይሆናል። መርዙን የሚይዘው ያው ግሉታታይን ነው። እዚህ ላይ ግን መታጠብ የለም፤ ጨርቁ ከነቆሻሻው ይጣላል። ፓራው ሲበዛ ጨርቁ ያልቃል፤ መርዙም ወደ ጉበቱ ይዞራል። ሳይበላ የሰነበተ ሰው ክምችቱ ቀድሞም ስስ ነው። በርጫ ላይ ውለው፣ እራት ሳይቀምሱ ፓራ የሚውጡ ደንበኞቼ ይህቺን መስመር ደግመው ያንብቡልኝ። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ጣሪያው 4 ግራም ነው፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ማለት ነው። የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ከመጠን በላይ ለዋጠ ሰው ሆስፒታል የሚሰጠው ማርከሻ፣ አሲታይልሲስቴይን፣ ሥራው ለጉበት የግሉታታይን ጥሬ ዕቃ ማቀበል ነው።

ማንጣቱን በተመለከተ ማስረጃው ደካማ ነው። የሚዋጠውን አንጀት አብዛኛውን ይፈጨዋል። ስለ መርፌው የፊሊፒንስ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2011 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ደግሞስ የድሬን ፀሐይ የሚመክትልን ጥቁረታችን አይደል?

ልጅቷን መጀመሪያ ጎረቤት ፈጢራ ቤት ሰደድኳት። በልታ ተመለሰች። ራስ ምታቱ ቀለል ብሏታል፤ ፓራውን ተወችው። «መርፌዋን ግን ሌላ ጋ አላጣትም» ብላኝ ወጣች።

አንድ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ