በረሃ ውስጥ በተኛ ውሃ ላይ ሸራ ለምትዘረጋው ልጄ

ጎንደር፣ ሚያዝያ 14

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጓደኞችሽ ጋር የገዛችኋትን ጀልባ ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። 22 ጫማ፣ ኪሏ (ከሥሯ ወደ ውሃው የሚወርደው ሚዛን መጠበቂያ) ወደ ሆዷ የሚታጠፍ፣ በተሳቢ የምትጎተት፤ ለእናንተ ሐይቅ ለኤሌፋንት ቢውት የምትስማማ ናት። እናትሽ «ኒው ሜክሲኮ በረሃ አይደለም እንዴ? ምን ባሕር አለና?» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ባሕር የለም። ያለው ሪዮ ግራንዴ በፈረንጆቹ 1916 ተገድቦ የዋጠው ሸለቆ ነው። ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ቤት የተማርነው አብዛኛው እዚያም ይሠራል፤ እኔ የምጽፍልሽ የማይሠራውን ነው።

ከውሃው ልጀምር። ጣና በክረምትና በበጋ መካከል ከፍና ዝቅ የሚለው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የጎርጎራ ባለታንኳ አምና ያወቀውን ድንጋይ ዘንድሮም እዚያው ያገኘዋል። የእናንተ ግን የመስኖ ውሃ ነው። ለገበሬው መለቀቅ ሲጀምር በየሳምንቱ ይወርዳል፤ ባለፈው ወር በላዩ ያለፍሽበት ኮረብታ ዛሬ ከኪልሽ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ይጠብቅሻል፣ በሚቀጥለው ወር ደሴት ይሆናል። ስለዚህ «እዚህ ጋ ጥልቀቱ ይኼን ያህል ነው» የሚልሽን ሰው መቼ እንደለካው ጠይቂው።

አንቺ የምትይዢው ከፍታ ነው። ግድቡን የሚያስተዳድረው ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን የውሃውን ከፍታ በየዕለቱ በጫማ ያወጣል። አንድ አለት በካርታሽ ላይ 4,302 ጫማ ላይ ነው እንበል፤ የዕለቱ ውሃ 4,308 ከሆነ በላዩ ያለው 6 ጫማ ብቻ ነው። ኪልሽ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ 5 ጫማ ከጠለቀ የቀረሽ አንድ ጫማ ነው፤ ማዕበል ሲያወርድሽ እሱም የለም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ ግድቡ የሚቆጥርበት መነሻና ካርታው የሚቆጥርበት መነሻ አንድ ላይሆን ይችላል። አናቱ ከውሃው እኩል የሆነ አንድ አለት ፈልገሽ ሁለቱን ቁጥሮች በእሱ አስተያዪ፤ ልዩነቱን አንዴ ከያዝሽ ለሁሉም ይሠራል።

ወንዙ ወደሚገባበት ወደ ሰሜኑ ጫፍ ስትጠጊ ደግሞ ካርታውን እርሺው። የጎንደሩን የአንገረብ ግድብ አስታውሺ፤ ደራሹ የሚያመጣው ደለል ውሃው ዝግ በሚልበት ቦታ ይራገፋል። ሪዮ ግራንዴም ጭቃ ተሸካሚ ነው። እዚያ ኪሉን ግማሽ አንስተሽ፣ በዝግታ፣ ምልክት ባደረግሽበት እንጨት እየለካሽ ሂጂ። ጭቃ ላይ ከተቀመጥሽ ኪሉን ማንሳት ብቻ ይበቃል። አለት ላይ ከሆነ ግን ኪሉ ወደ ኋላ ተገፍቶ ሲመለስ የሚይዘው የማንሻው ካቦ ነው። ይህ ካቦ ነው የጀልባሽ ደካማ ጎን። የሚበጠሰው መሃሉ ላይ አይደለም፤ ኪሉ ላይ በሚታሰርበት ጫፍና መዘውሩን በሚዞርበት ቦታ ነው። ጀልባዋ ተሳቢ ላይ ሳለች እጅሽን በጨርቅ ጠቅልለሽ ካቦውን ዳብሺው፤ አንዲት ክር እንኳ ጨርቁን ከያዘችው ካቦው ይቀየር፣ ቀጠሮ የለውም።

ወደ ንፋሱ ልምጣ። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በ12 በመቶ ገደማ ይሳሳል። 15 ኖት (ኖት የንፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው) ንፋስ የሚገፋሽ ጠረፍ ላይ 14 ኖት እንደሚገፋው ነው። ትንሽ ናት፣ አትመኪባት። ምክንያቱም ንፋስ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው፤ እዚያ አገር ደግሞ ከ10 ወደ 20 ለመድረስ ሰዓት አይፈጅበትም። አቅጣጫውንም ውሃው አይነግርሽም፣ መሬቱ ነው የሚነግርሽ። ንፋሱ ሸለቆውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከጎን ገደል በሚገባበት ቦታ እንደ በር ንፋስ ይመታሻል፤ ከገደል ጥግ ስትገቢ ይጠፋና ከሌላ ወገን ይመጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀን ቀን ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነሳው ኃይለኛ ነው። ለጀማሪ የሚመቸው መስከረምና ጥቅምት ነው።

ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን የከሰዓት በኋላ ደመና አለ፤ እዚህ ላይ ጎንደር ያደገ ሰው ይሳሳታል። እኛ አገር ዝናቡ ካልደረሰን «አለፈን» እንላለን። እዚያ ዝናቡ ከደመናው እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥሎ መሬት ሳይደርስ ሲጠፋ ካየሽ፣ ክፉው እሱ ነው። ዝናቡ ደረቅ አየር ውስጥ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዘዋል፣ የቀዘቀዘው አየር ይከብድና ወደ ታች ይወድቃል፣ መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይበተናል። ጸጥ ካለ ውሃ 40 ኖት ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ምልክቱ በዳርቻው በኩል የሚነሳ የአቧራ ግድግዳና ድንገት ፊትሽን የሚመታ ቀዝቃዛ አየር ነው። ያኔ ሸራ ማሳጠር የለም፣ ዋናውንም የፊቱንም ሸራ አውርጂና እሰሪ፤ ሞተር አስነሺ፣ አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ አድርጊ፣ ከኋላሽ አለት እንዳይኖር ራቂ። ነጎድጓድ ከተሰማሽ ግን መገኘት ያለብሽ ውሃው ላይ አይደለም፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሺ።

ለተራው ንፋስ ሸራ ማሳጠር ይበቃል፤ ለእናንተ ጀልባ 15 ኖት ሳይደርስ አሳጥሩ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። የዋናውን ሸራ መሳቢያ ገመድ ልቀቂ፣ ይርገብገብ። የፊት ሸራው ብቻ ቀስ እያለ ይጎትታት። የሸራውን ማንሻ ገመድ ምልክቱ ድረስ አውርጂ፤ ምልክቱን መሬት ላይ ሳለሽ በማይለቅ ቀለም አድርጊው። በደቀሉ (ሸራውን በተሸከመው ምሰሶ) በኩል ያለውን የሸራውን ቀለበት ቡሙ (የሸራውን ግርጌ የያዘው አግዳሚ) ላይ ካለው መንጠቆ አስገቢ። ከዚያ ማንሻውን ድርቅ እስኪል ወጥሪ። የኋላውን ማሳጠሪያ ገመድ የምትስቢው በመጨረሻ ነው፣ ቀለበቱ ከቡሙ እስኪገጥም። ሰው የሚሳሳተው ኋላውን ቀድሞ እየሳበ ነው፤ ያን ጊዜ ማንሻው አልወጠር ይላል። መሃል ላይ ያሉት ትናንሽ ማሰሪያዎች የተረፈውን ጨርቅ መሰብሰቢያ ብቻ ናቸው፤ አጥብቀሽ አስረሻቸው ጭነቱ እነሱ ላይ ካረፈ ሸራው በዚያው መስመር ይተረተራል።

መልሕቅ ስትጥዪ ጥልቀቱን ብቻ አትቁጠሪ፤ ከውሃው እስከ አፍንጫዋ ያለውንም ጨምሪ። 6 ሜትር ጥልቀትና 1 ሜትር ከፍታ 7 ነው፤ ለአዳር በ7 ሲባዛ 49 ሜትር ገመድ። በመልሕቁ በኩል 5 ሜትር ሰንሰለት ይኑረው። ገደሉ ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ መልሕቅ አይይዝም፣ እየተንሸራተተ ወደ ጥልቁ ይሄዳል፤ ጭቃ ያለበትን ጎድጓዳ ፈልጊ።

ጀልባ ማውረጃው ላይ ደግሞ፣ ሰው የሚሞተው ውሃ ላይ ብቻ አይደለም። ደቀሉን ከማቆምሽ በፊት ቀና ብለሽ የኤሌክትሪክ ሽቦ እዪ፤ ከቆመ በኋላ በምትሄጂበት መንገድ ላይ ሁሉ እዪ። ደቀሉን የሚወጥሩት ካቦዎች ፒን ላይ ኮፒሊያው (ፒኑ እንዳይወጣ የሚይዘው ሽቦ) ይኑር፣ ጫፉም ይታጠፍ። ረጅም መንገድ የተጓዘ ተሳቢ ኩሽኔታው ግሎ ይደርሳል፤ ወዲያው ውሃ ውስጥ ከነከርሽው ሲቀዘቅዝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ግራሶው ይበላሻል፣ ስትመለሺ መንገድ ላይ ይቀልጣል። 20 ደቂቃ ይብረድ፤ በዚያ ጊዜ ደቀሉን አቁሚ። የማፍሰሻውን ታፖ (የጀልባዋን ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ መድፈኛ) የሚዘጋው ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን። ሁለት ሰው ኃላፊ ከሆነ ታፖው ኪስ ውስጥ ይቀራል። ስትወጡ ደግሞ ታፖው ተከፍቶ፣ ጀልባዋ ተፈትሻና ደርቃ ትጓዝ፤ ኳጋ የሚባለው ዛጎል ለበስ ከአንድ ግድብ ወደ ሌላ የሚዛመተው ጀልባ ላይ ተጣብቆና በቀረ ውሃ ነው።

ላይፍ ጃኬቱን አየሩ ሞቀ ብለሽ አታውልቂ፤ በዚህ ወር አየሩ ቢሞቅም ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው። ጀልባዋ ቆማ በምትውልበት ሰዓት ሁሉ ሸራውን ሸፍኚው፣ የዚያ ከፍታ ፀሐይ ጨርቅ ይበላል።

ካቦውን ስትቀይሩ አሮጌውን አትጣሉት፤ የታሰረበትን ጫፍ በቅርብ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የት ጋ እንደሚሻክር አይቼ እነግርሻለሁ።

አባትሽ