ባሕር ዳርን በግንቦትም ጻፉልን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ለመጻፍ ያነሳሳችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ዘንድሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች፤ እናቷም እኔ ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. በዚያ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ መኖሬን ስለምታውቅ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ስለ አገሩ አጫውቱልኝ» ብላ ይዛት መጣች። እኔም ከወሬ ይልቅ የተጻፈ ነገር ባሳያት ይሻላል ብዬ ለዓመታት ቆርጬ ካስቀመጥኳቸው የጋዜጣ ገጾች መካከል ስለ ጣናና ስለ ባሕር ዳር የሚናገሩትን አወጣሁላት። ገጾቹ ሁለት ዓይነት ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ገሚሶቹ የዘጌን ገዳማትና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለጎብኚ የሚያስተዋውቁ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ እምቦጭ ሐይቁን እንደወረረው የሚያስጠነቅቁ ናቸው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን በዚያ ከተማ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው፣ ጠዋት ሐይቁን አይቶ ሥራ የሚገባውና ማታም አይቶት ቤቱ የሚመለሰው ሰው በአንዱም ገጽ ላይ አልነበረም። ሐይቅ ዳር መኖር የሚወደደው ግን በዚሁ ሰው ዓይን ሲታይ ስለሆነ፣ ያየሁትን በጥቂቱ ልጻፍ።

ጅማና ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ባላቸው ከፍታ ብዙም አይራራቁም፤ በዓመት የሚያገኙት ዝናብም መጠኑ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ አከፋፈሉ ላይ ነው። የእኛ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት እየተቆራረጠ ይዘልቃል፤ የባሕር ዳር ዝናብ ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቃሎ ይወርዳል። በዚህም የተነሳ እኛ ጅማዎች ወቅቱን የምናውቀው በቡናው ነው፤ የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል አበባው ነጭ ሆኖ ይፈነዳና ሽታው እስከ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ኅዳር ላይ ደግሞ ጀንፈሉ በየግቢው ተሰጥቶ እናያለን። የባሕር ዳር ሰው ወቅቱን የሚያነበው ከውኃው ነው። ይህን ለመልመድ ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል፤ ከለመድኩት በኋላ ግን የቀን መቁጠሪያ ባይኖረኝም ወሩን ለመናገር አልቸገርም ነበር።

ጎብኚ የማይመጣበትን ወቅት ላስቀድም። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ የዘንባባው ቅጠል አቧራ ይለብሳል፤ ሐይቁም ከዳርቻው እየሸሸ በሌላ ጊዜ የማይታየውን ጭቃና ድንጋይ ያሳያል። መልኩ አያምርም፤ ቢሆንም ከተማው ከሐይቁ ጋር በእጅጉ የሚቀራረበው በእነዚህ ወራት ነው። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሳል፤ ያን ጊዜ መስኮት ይከፈታል፤ ሴቶች በርጩማቸውን ይዘው ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሕዝቡ ወደ ዳርቻው ይወርዳል። ነፋሱ ያመጣልኝን የውኃና የደንገል ሽታ ዛሬም ጅማ ላይ ሆኜ በግንቦት ሙቀት አስታውሰዋለሁ። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ በቀስት እየሳልኩ አስረዳ ነበር፤ እነሱ ግን ከእኔ በፊት በፊታቸው ቆዳ ያውቁት ነበር።

ከሁሉ የማይረሳኝ የ1995 ዓ.ም. ሰኔ ነው። በዚያ ዓመት የዝናቡ እጥረትና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራ ጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ በር በኩል ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውኃ ተደምረው ሐይቁ እጅግ ወረደ፤ ጀልባዎችም ሥራ እስከማቆም ደረሱ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጥቂት ሲጎድል ብዙ መሬት ይገለጣል። የከተማው ሰው ማታ ማታ ወደ ዳርቻው እየወረደ፣ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሁሉ ዝም ብሎ ቆሞ ያይ ነበር። እኔም አብሬ ቆሜአለሁ። ያን ከተማ የምወደው መሆኔን ያወቅሁት የዚያን ሰኔ ነው፤ ውኃው ሲጎድል የእኔም ነገር የጎደለ መስሎ ተሰምቶኝ ነበርና።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ከሐይቁ ማዶ ተነስቶ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። ጅማ ላይ ዝናብ ከደመናው ድንገት ይወርዳል፤ እዚያ ግን ግራጫ መጋረጃ ሆኖ ውኃውን እያቋረጠ ሲቀርብ ልብስ ለማንሳት ጊዜ ይሰጣል። አከራዬ «ዘጌን ሸፍኗታል» ካሉ ከገመዱ ላይ ልብሳችንን ለመሰብሰብ የሩብ ሰዓት ያህል እንዳለን እናውቅ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ አፈር ይዘው ስለሚገቡ የሐይቁ ቀለም ወደ ቡናማ ይለወጣል። በሐይቁ ብቻ የሚገኙት ላቢዮባርበስ የተባሉት የዓሣ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ለመራባት ወንዞቹን ሽቅብ የሚወጡትም በዚሁ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ በወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል የነገውን ዓሣ ዛሬ መብላት እንደሆነ አስተዋይ ዓሣ አጥማጆች ራሳቸው ይናገራሉ።

አንድ ነገር ግን ተማሪም ጎብኚም ብዙ ጊዜ ይሳሳትበታል። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሐይቁ ሞልቶ ከፍ የሚለው ግን ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም ነው። ሰማዩ ጠርቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍን ውኃው ዳርቻውን አፋፍ ድረስ ይሞላዋል። በዓመቱ ውስጥ አንድ ሳምንት ብቻ ምረጥ ብባል ያንን እመርጣለሁ። ከጥቅምት በኋላ ከሰሜን የሚመጡት ረጅም እግር ያላቸው ግራጫ ወፎች በማለዳ እየጮኹ ያልፋሉ፤ ጾሙ ሲገባም የዓሣው ገበያ ይደምቃል፣ ዋጋውም ይንራል።

ከጠዋቶቹ አንዱን ላንሳ። ከነገደ ወይጦ ወገን የሆኑ አንድ አዛውንት ታንኳ ሠሪ በቤቴ አቅራቢያ ባለው ዳርቻ ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው ዛፍ ላይ አስደግፈው ሲያቆሙት ደረስኩ። በመዳፋቸው የደንገሉን እስር ጫን ሲሉት ውኃው በጣቶቻቸው መካከል ወረደ። «ይኼ ጠጥቷል ልጄ፤ ፀሐይ ካልጠገበ ነገ አይሸከመኝም» አሉኝ። ዕድሜው የወራት ብቻ መሆኑን፣ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ታንኳ ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት፣ ረፋድ ሳይሆን መግባት እንዳለበት፣ ደንገሉም በየትኛው ወር ቢታጨድ እንደሚጠነክር አስረዱኝ። በዩኒቨርሲቲ ስለ ሐይቅ ነፋስ የተማርኩትን ያህል ከእሳቸው ተምሬአለሁ ብል አላጋነንኩም።

ይህን ሁሉ ያየሁት ግን በእግሬ ወደ ውኃው መውረድ ስለቻልኩ ነው። በኋላ ከተማውን ልጎበኝ ስሄድ፣ ታንኳ ሠሪው ይቀመጡበት ወደነበረው ቦታ የሚወስደው መንገድ በአንድ ድርጅት አጥር ተዘግቶ አገኘሁት፤ ጥበቃውም በትሕትና፣ ሳያንጓጥጠኝ፣ ተጠቃሚ ካልሆንኩ መግባት እንደማልችል ነገረኝ። ልጁን አልተቀየምኩትም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ያሳዘነኝ ግን በግንቦት ማታ ነፋስ ሊቀበል የሚወርደው ሰው፣ በ1995 ዓ.ም. ቆሞ ያዘነው ሰው፣ አሁን ቡና ካላዘዘ ሐይቁን ማየት የማይችልበት ቦታ መፈጠሩ ነው። ሐይቁን በየወቅቱ ያላየ ትውልድ ሲጎድል አይደነግጥም፤ እምቦጭ ሲወጣም ለመንቀል ለመሄድ እግሩ አይነሳም። በቅርብ ዓመታት በከተሞቻችን የውኃ ዳርቻን ለእግረኛ የመክፈት ሥራ መጀመሩን በደስታ እከታተላለሁ፤ እዚህ ጅማም የአዌቱ ወንዝ ዳርቻ ትኩረት ማግኘቱ ደስ ያሰኘኛል። ሐይቅ ባይኖረንም ከተማችንን የሚያቋርጥ አዌቱ፣ ከዳርም የቦዬ ረግረግ አለን፤ ሁለቱንም በክረምት ሲሞሉና በበጋ ሲጎድሉ ልጆቻችን ወርደው የሚያዩበት መንገድ ይኑራቸው። የሚሠራው የእግር መንገድም በየጥቂት እርምጃው ወደ ውኃው መውረጃ እንዲኖረው፣ አግዳሚ ወንበሩም ክፍያ እንዳይጠየቅበት አጥብቄ እለምናለሁ።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ደግሞ ቀላል ነው። ባሕር ዳርን፣ ሐዋሳንና ሌሎቹን የሐይቅ ዳር ከተሞቻችንን በበዓል ሰሞን ብቻ አትጻፉልን። ዘጋቢያችሁን በግንቦት ላኩልን፤ ከሰዓት በኋላ ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚመለስ ይጻፍ። በነሐሴ ደግሞ ላኩትና የውኃውን ቀለም ይንገረን።

የጎረቤቴ ልጅ ገጾቹን ገልብጣ ከጨረሰች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ጋሼ፣ ሐይቁ ከዶርም ይታያል?» አለችኝ። የትኛው ግቢ እንደምትገባ ገና ስላላወቀች መልስ አልሰጠኋትም። በደረሰች ማግስት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነስታ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ወደ ዳርቻው እንድትወርድና ውኃው ከየትኛው ድንጋይ ላይ እንደደረሰ በደብተሯ ላይ እንድትጽፍልኝ አዘዝኳት። እናቷም ጃንጥላ ገዝታላታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከጅማ