ጅቡቲ ለወሎ ሰው በአየር ለምን ራቀች?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጉዞ ዓምዳችሁ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል። ልክ ነው፤ በአየር 555 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። እኔ ግን የኮምቦልቻ ሰው ነኝ፤ እንጀራዬም በተሳቢ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ማመላለስ ነው። ሒሳቡ ከዚህ ሲታይ ሌላ ነው።

ከኮምቦልቻ ጅቡቲ በቀጥታ ቢለካ 380 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ይልቅ እኛ እንቀርባለን ማለት ነው። በመኪና መንገድ 480 ይሆናል፤ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ፣ ድንበር ተሻግሮ ደግሞ ዲኪል። ኪሎ ሜትሩ ግን ሰዓቱን አይናገርም። ጭነት ይዞ የባቲን ዳገት የወጣ ያውቀዋል። ሰኞ ከሆነ ገበያተኛውና ግመሉ መንገዱን ይሞላዋል። ሚሌ ቀትር ላይ ከደረስን ጎማ እንዳይፈነዳብን ጥላ ፈልገን እንቆማለን፤ ረዳቱ በእጁ ጎማውን እየዳሰሰ ይዞራል፣ እጁን ቶሎ ከመለሰው ጎማው ገና አልበረደም ማለት ነው። ጋላፊ ወረፋው ከያዘን እዚያው እናድራለን።

እኅቴ ጅቡቲ ነው የምትኖረው። ስትወልድ እናታችን ልታርሳት ተነሣች። የደም ግፊት ስላለባት በአፋር በረሃ ልወስዳት አልደፈርኩም፣ በአውሮፕላን ትሂድ ተባለ። ትኬት የቆረጠላት ቢሮ ጅቡቲ አንድ ሰዓት ነው ብሎ ሸኛት፤ ሌላ ምንም አላላትም። መጀመሪያ ከጅቡቲ እየራቀች 250 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ በረረች። ቦሌ ላይ ለዓለም አቀፍ በረራ ከሦስት ሰዓት በፊት መገኘት አለ፣ ፍተሻ አለ፣ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ። የጅቡቲ ሰዓት ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ትኬቱ ላይ 13:00 የሚለው ግን በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት መሆኑን የነገራት ሌላ መንገደኛ ነው። ሌሊት ከቤት ወጥታ ልጇ ዘንድ የደረሰችው ማታ ነው። በአየር የሄደችው ሲደመር 800 ኪሎ ሜትር አለፈ፤ የገንፎ ዱቄቷንና ቅቤዋን ታቅፋ።

ዕቃው እንዲህ አይንገላታም። እዚሁ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አለ፣ ጉምሩክ አለ። እኔ የማመጣው ኮንቴይነር አዲስ አበባን ሳያይ ይገባል፣ ሥርዓቱም እዚሁ ያልቃል። የሰው ፓስፖርት የሚመታበት ጠረጴዛ ግን ኤርፖርታችን ውስጥ የለም። ለኮንቴይነር የተቻለው ለእናቶቻችን የማይቻልበት ምክንያት አይገባኝም። ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር ነው፤ 380 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። በየቀኑ ይሁን አላልኩም፣ በሳምንት አንዴ ቢሆን እንኳ የደሴ፣ የሐይቅ፣ የወልዲያ፣ የባቲም ሰው ይጠቀምበታል። ጅቡቲ ሠርቶ የሚያድር የወሎ ልጅ ብዙ ነው።

እናንተን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። የበረራ ሰዓት ስታትሙ መንገደኛው ቦሌ የሚቆይበትንም አብራችሁ ጻፉ። የሚመለከታቸውን ደግሞ ስለ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ጠይቁልንና መልሳቸውን በጋዜጣችሁ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
የከባድ መኪና አሽከርካሪ፣ ከኮምቦልቻ