ጣርማ በር በፍሪ አይወረድም

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 14

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ብርድስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅዎት አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ይህን ወሬ በስልክ ባነሳሁ ቁጥር «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብለው ይዘጉታል። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም።

እማዬ ነገረችኝ። ፍልሰታ ሲገባ ሸንኮራ ዮሐንስ ወርደው ሊጠመቁ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮም አረቄን እርም ሊሉ ነው አሉ። ስሰማ አለቀስኩ፣ ከደስታ። ማታ ጋደም ስል ግን ፍርሃት ያዘኝ።

ዓምና በሁዳዴ ሰኞ ያደረግኩትን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም። በቅበላው ማታ የመጨረሻዋን መለኪያ ጨልጠው «ከነገ ጀምሮ በቃኝ» ብለው ተኙ። እኔ በጠዋት ተነስቼ ከአልጋዎ ሥር የነበረውን ሁለት ሃይላንድ ሙሉ አረቄ ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ እጅዎ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስኒውን በሁለት እጅዎ ይዘውት እንኳ ቡናው ጋቢዎ ላይ ፈሰሰ። «ይለምደዋል» አልኩ። ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ጣለዎት።

ጎረቤት ተጠራርቶ ክብሪት እየጫረ አሸተተዎት። አንዱ የሚጥል በሽታ ነው አለ፣ ሌላው ርኩስ መንፈስ። የወሰድንዎት ክሊኒክ ደግሞ ታይፎይድ ነው ብሎ ግሉኮስ ሰቀለና ወደ ቤት መለሰን። ስንት ዓመት እንደጠጡ፣ መቼ እንዳቆሙ የጠየቀ ሰው የለም። እኛም አልተናገርንም። አፍረን ነው።

ረቡዕ ሌሊት የሌለ ጉንዳን ከጋቢዎ ላይ ሲለቅሙ አደሩ። ላብ አጥምቆዎታል። «ረዳት! ታኮ አስገባ!» እያሉ ይጮኻሉ። የአሰብ መንገድ ከቆመ ስንት ዘመኑ፣ እርስዎ ግን ያን ሌሊት ኤን ትሬ የጭነት መኪናዎን እየነዱ ሚሌ ላይ ነበሩ። እኔን አላወቁኝም። መጨረሻ ላይ አጎቴ አረቄ በማንኪያ እያደረገ አጠጣዎት፣ እያደርም ተረጋጉ። ቤተሰቡ ሁሉ «አያችሁ፣ መድኃኒቱ እሱ ነው» ብሎ አረፈው። እርስዎም ወደ መለኪያዎ ተመለሱ።

ባለፈው ሰሞን አንዲት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ሁሉን ዘረገፍኩላት። («አማኑኤል ልታስገቢኝ ነው?» ሲሉ ይሰማኛል። ቢሆንስ ምን ነውር አለው? ደግሞ ለዚህ የከተማችሁ ሆስፒታልም ይበቃል።) ያ ሁሉ የሆነው አረቄው በአንዴ በመቆሙ ነው አለችኝ። እሷ በሐኪም ቋንቋ ነው ያስረዳችኝ፤ እኔ በእርስዎ ቋንቋ ልመልሰው።

አረቄ ለአንጎል እንደ ፍሬን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍሬን ሲረገጥበት አንጎልዎ መሄድ ስላለበት ነዳጁን አብዝቶ መርገጥ ለመደ። ፍሬኑን በአንዴ ሲለቁት ነዳጁ እንደተረገጠ ይቀራል። መንቀጥቀጡና ላቡ ካቆሙ 6 ሰዓት ያህል ካለፈ ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። መጣሉ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ ነው። መቃዠቱ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ይመጣል፣ ሕክምና ካላገኘም ሊገድል ይችላል። አንዴ እንዲህ የሆነ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሊብስበት ይችላል። ያስፈራኝ ይኼ ነው።

«ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ጭነት ይዞ ማርሹን ፍሪ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ሬሳው ነው የሚደርሰው» ይሉን የነበሩት እርስዎ ነዎት። ሐኪሞቹም የሚያደርጉት ከባድ ማርሽ አስገብቶ ማውረድ ነው። ዳያዜፓም የሚባል መድኃኒት ይሰጣሉ። መጀመሪያ ጠንከር ያደርጉትና በየቀኑ ይቀንሱታል፤ በአንድ ሳምንት ገደማ ያበቃል። ነርሷ ግፊትዎንና የልብ ምትዎን እያየች ነው። ታያሚን የሚባል ቫይታሚንም ይወጋሉ፤ ግሉኮስ የሚሰቀል ከሆነ ታያሚኑ መቅደም አለበት። ዓምና ያንን ማን አውቆ!

አደራ፣ መድኃኒቱን ሰው ገዝቶ ያምጣልኝ እንዳይሉ። ከአረቄ ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጸበሉን አልቃወምም፣ እኔም አምናለሁ። የምለምንዎት ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። ባዶ ሆድ፣ ዝናብ፣ ከሆስፒታል ርቆ፣ ደግሞ አረቄው የተቋረጠ ዕለት! ዮሐንስ ሐኪም ቤት አስቀድመው ቢሄዱ የሚቀየምዎት አይመስለኝም። ጾሙን ደግሞ ከሐኪሙም ከነፍስ አባትዎም ጋር ይመካከሩበታል።

ሰኞ በጠዋት እመጣለሁ፣ የአሥር ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። እስከዚያ ራስዎ በአንዴ እንዳያቋርጡ። ልጅ ለአባቷ እንዲህ ብላ ትጽፋለች? ይኸው ጻፍኩ። እማዬም ሃይላንዱን እንዳትደፋው ነግሬያታለሁ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስዎት አቁመው ከሆነ ግን እኔን አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ከጣለዎት ወይም መቃዠት ከጀመሩ እማዬ 907 ደውላ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ትጥራ።

ሐኪሙ ሲጠይቅዎት ደግሞ «አንድ ሁለት መለኪያ» የሚለውን ይተዉልኝ። በቀን ግማሽ ጠርሙስ ነው። እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ፣ አላፍርብዎትም። መድኃኒቱን የሚመጥኑልዎት የሚጠጡትን መጠን አይተው ነው።

ከዳኑልኝ በኋላ ሸንኮራ አብረን እንወርዳለን። እርስዎ ጋቢና ይቀመጣሉ። ሹፌሩን በየኩርባው ሲቆጡት አልሰማሁም እላለሁ።

ልጅዎ