አስናቀች በክራር ብቻ አትታወስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ክራር ተጫዋቿና ድምፃዊቷ አስናቀች ወርቁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከላይ እስከ ታች ክራር፣ ክራር፣ ክራር! ትያትሩስ የት ገባ?

አስናቀች እኮ መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ናት። ከዚያ በፊት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። በዚያ ዘመን መድረክ የምትወጣ ሴት ስሟ በየሰፈሩ ይነሳ ነበር፤ በበጎ አይደለም ታዲያ። እሷ ግን በሀገር ፍቅር ትያትር ቤትም፣ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር በምንለው ቤትም ተውናለች።

ክራሯ የተረፈልን ስለተቀዳ ነው። ትወናው ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ሄደ። ብሔራዊ ትያትር በ1948 ሲከፈት ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አገሩ ላይ አልነበረም፤ የመጣው በ1957 ነው። የዛሬዋ የድራማ ተዋናይት ብትሳሳት «ድገሚው» ትባላለች፣ የሠራችውም ዩቲዩብ ላይ ይቀመጣል። አስናቀች በየምሽቱ ሕዝብ ፊት ቆማ፣ አንዴ ያመለጣት ቃል አመለጣት።

አያቴ ትያትር ቤት ገብታ አይታታለች። ስለ ዘፈኗ ብዙም አታወራም ነበር። የምታወራው ስለ ዓይኗ ነው፤ «ዝም ስትል ታስለቅስሻለች» ትለኝ ነበር።

አስናቀች መስከረም 2004 ካረፈች ቆየች። ያዩዋት ተመልካቾች፣ መብራት ያበሩላት፣ ልብስ ያለበሷት ግን ጥቂትም ቢሆኑ አይጠፉም። እባካችሁ መቅረጫ ይዛችሁ ቶሎ ሂዱባቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ