ምህንድስና ለሚያስቡ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ምርጫ የሌለበት ክረምት

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ልጆቻችሁ ፈተናውን ጨርሰዋል፤ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ጥቂት ቀን ይተኙ፣ ደክመዋል። ይህን የምጽፈው ግን ኢንጂነሪንግ ለመማር ስላሰቡት ልጆች ነው።

ባለፈው ዓመት ካስፈተንናቸው ጎበዞች አንዷ በሴሚስተር እረፍት ቢሮዬ መጣች። የፊዚክስ ፈተና ወረቀቷን ይዛ ነበር። ጥያቄው ተዳፋት ላይ ስለተቀመጠ ሳጥን ነው። ፎርሙላውን ጽፋለች፤ መልሱም ልክ ነው። ያገኘችው ግን ከ10 3 ነው። ሳጥኑ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች አልሳለችም። መልሱ ላይ እንዴት እንደደረሰችም አላሳየችም። «ቲቸር፣ እኛ እኮ የተማርነው መምረጥ ነው» አለችኝ። የዚያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንደዚያ ያስተማርናት እኛ ነን።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው። ልጁ ከቀረቡለት መልሶች አንዱን ያጠቁራል፤ አንዳንዴም የማይሆኑትን እያስወጣ ይደርስበታል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ግን ባዶ ወረቀት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዘንድሮ ስድስት ሳምንት የሚፈጅ፣ አንድም የምርጫ ጥያቄ የሌለበት የክረምት ትምህርት አዘጋጅተናል።

የፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት) ሀንዳውት ቀድመን እናስጨርሳለን የሚሉ አስጠኚዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ብራችሁን ባታወጡ ደስ ይለኛል። ካልኩለስ ላይ የሚወድቁ ልጆችን ወረቀት አይቻለሁ። ዴሪቬቲቩን በትክክል ያወጡና ክፍልፋዩን ሲያቃልሉ ይሳሳታሉ። ይህ የ9ኛ ክፍል ክፍተት ነው። እኛም የምንመለሰው ወደዚያው ነው፤ አልጀብራ፣ ትሪጎኖሜትሪ፣ ግራፍ ማንበብ፣ ቬክተር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ካልኩሌተር አይነካም። እያንዳንዱ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ፣ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ለጓደኞቹ እየተናገረ ይሠራል።

ሐሙስ ሐሙስ የእጅ ሥራ አለን። የመጀመሪያው ሐሙስ በቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጀምራል። 220 ቮልት ላይ 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው ያሰላሉ። ከዚያ ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ሲሰካ ገመዱ ለምን እንደሚግል ያስረዳሉ። ያን ቀን ማታ እናንተም ጠይቋቸው። ምጣዱን ከላይ፣ ከፊትና ከጎን በማስመሪያ መሳልም አለ፤ የቴክኒካል ድሮዊንግ መጀመሪያ ይኸው ነው።

ከሰዓት የኮምፒውተር ክፍሉ ክፍት ነው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ኮርስ በነፃ ይሰጣል። ኢንጂነሪንግ የሚገባ ልጅ ፕሮግራሚንግ መውሰዱ ስለማይቀር ከአሁኑ ቢለምደው ጥሩ ነው።

«ውጤት እስኪመጣ እንጠብቅ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሐሳባችሁ ይገባኛል። ግን ማለፊያ ውጤት ሳያመጣ ቀርቶ ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) የሚገባ ልጅም የሚጠየቀው ይህንኑ ሒሳብና ፊዚክስ ነው። ያለፈውም ቢሆን ጊዜ የለውም። ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ልጁ ሲቪል ይሁን ኤሌክትሪካል የሚለየው ቆይቶ ነው፤ ያኔ ደግሞ የአንደኛ ዓመት ውጤቱ ትልቅ ድርሻ አለው። በመጀመሪያው ሴሚስተር የደነገጠ ልጅ የሚፈልገው ዲፓርትመንት ሊያመልጠው ይችላል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ክረምት ሲመጣ የቤት ሥራው ሁሉ ሴቶቹ ላይ ይወድቃል። አምና ከተመዘገቡት ሴት ልጆች ግማሾቹ መሃል ላይ የቀሩት ታናናሾቻቸውን ለመጠበቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ብቻ ልቀቁልን።

ትምህርቱ ሰኞ ሐምሌ 21 ይጀመራል፤ ነሐሴ 29 ያበቃል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 5:30 ነው። ጠዋት ያደረግነው በፍልሰታ የሚያስቀድሱ ልጆች እንዳይቸገሩ ብለን ነው። ክፍያ የለውም። ባለካሬ ደብተር፣ ማስመሪያና ኮምፓስ ይያዙ። መግዛት የሚያስቸግረው ቤተሰብ ካለ ለእኔ ብቻ ይንገረኝ።

ቅዳሜ ሐምሌ 19 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከልጆቻችሁ ጋር ኑና እንነጋገር። ያቺ ልጅም ትመጣለች። የፈተና ወረቀቷን ይዛ እንድትመጣ ጠይቄያት እሺ ብላኛለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር