መርከቡን የሚበይደው እጅ ከየት ይመጣል?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ባሕር ኃይላችን ዳግም መቋቋም በሚወጡ ጽሑፎች የወደቡና የመርከብ ግዢው ነገር ደጋግሞ ሲነሳ፣ መርከብ የሚሠራና የሚጠግን ባለሙያ ከየት እንደሚገኝ ግን ሲጠየቅ አላየሁም። የቀድሞዋ ትልቋ መርከባችን «ኢትዮጵያ»ም እ.ኤ.አ. በ1962 የተረከብናት በአሜሪካ ተሠርታ ነበር። በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ 26 ዓመት በብየዳ ያገለገልሁ ሰው ነኝና ጉዳዩ ከልብ ያሳስበኛል።

የመርከብ ሥራ ምን ያህል ሙያ እንደሚጠይቅ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ የተሠራችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ «ጄራልድ ፎርድ» ከ330 ሜትር በላይ ርዝመት ያላት ስትሆን፣ ግንባታዋ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2017 አገልግሎት እስክትገባ ድረስ ከስምንት ዓመት በላይ ፈጅቷል። አካሏ በየክፍሉ ከተበየደና ቧንቧው ሳይቀር ከተገጠመለት በኋላ፣ በግዙፍ ክሬን እየተነሳ ድራይ ዶክ በሚባለው የግንባታ ገንዳ ውስጥ ይጋጠማል። ለእንዲህ ያለው ብረት የሚውለው ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ ብረትን ከብረት የሚያያይዘው የብየዳ ዘንግ) እርጥበት እንዳይስብ በማሞቂያ ሳጥን ይቀመጣል፤ ምክንያቱም ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ገብቶ፣ ብየዳው ከቀዘቀዘ ከሰዓታት በኋላ እንኳ ሊሰነጥቀው ይችላል። ስንጥቁ ከውስጥ ከሆነ ዓይን አያየውምና መጋጠሚያው በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ ይፈተሻል።

ሥራውን ያስተማሩን አለቃችን ዝናብ በጣለ ማግስት የኤሌክትሮዱን ፓኮ ፈትተው በከሰል ምድጃው ዳር ይደረድሩ ነበር። አንዱን አንስተው በጣታቸው ሳይዳስሱ ማሽኑን እንድናስነሳ አይፈቅዱም፤ «የረጠበ ኤሌክትሮድ ይከዳሃል» ይሉን ነበር። ስለ ሃይድሮጅን ያነበብሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እጄ ግን ቀድሞ ተምሮት ነበር።

ይህ ዓይነቱ ዕውቀት አጠገብ ቆሞ በማየት የሚወረስ ነው። የኒውፖርት ኒውሱ መርከብ ሠሪ ተቋም ይህንኑ ተገንዝቦ እ.ኤ.አ. በ1919 ያቋቋመው የተለማማጆች ትምህርት ቤት ዛሬም ወጣቶችን ደመወዝ እየከፈለ ያስተምራል። በእኛ ከተማ ግን የድሮው ባቡር ሥራ ከቀነሰ ወዲህ ነባር በያጆችና የማሽን ባለሙያዎች በየቤታቸው ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ያረፉትም ብዙዎች ናቸው፤ ሙያቸውን የተረከበ ሰው የለም።

የሚመለከታቸው አካላት በወርክሾፑ ደመወዝ ያለው የተለማማጅነት ሥልጠና እንዲጀምሩና ጡረተኞቹን በአስተማሪነት እንዲጠሩ እጠይቃለሁ። መርከብ እስኪመጣ ድረስም ቢሆን የነዳጅ ቦቴውና የከባድ መኪና ተሳቢው ጥሩ በያጅ ይፈልጋሉ። እኔም ዓይኔና እጄ እስከረዱኝ ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን ያለ ክፍያ ለማስተማር ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የባቡር ወርክሾፕ በያጅ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ